የሲንጋፖር ቤቶች በማን ገንዘብ ተሠሩ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ከተማ የፕላን ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። አመራሩ ‹ከሲንጋፖር ምን እንማር?› በሚል ርዕስ የመነሻ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዞኛል፤ ቀጥሎም የልምድ ልውውጥ ጉዞ ታስቧል። እስካሁን የማውቀው ሲንጋፖር በ1965 እንደኛው ደሃ የሆነች የዓሣ አጥማጆች መንደር እንደነበረች፣ ሊ ኩዋን ዩ በቆራጥ አመራር በአንድ ትውልድ እንዳሻገሯት፣ መንግሥትም ለሕዝቡ ቤት ሠርቶ እንዳደለ ነው። ቤቱን፣ ውሃውን፣ ባቡሩንና ወደቡን እንዴት አንድ ላይ ቻሉት? ለእኛ ከተማስ የትኛው ይቀዳ?»

መልስ፦ የሚቀዳው ሕንፃው አይደለም፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለው የገንዘብ መንገድ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያሉ ሦስት ግምቶችን ማረም አለብኝ። ጽሑፍዎ በእነሱ ላይ ከቆመ የውሳኔ ሐሳቡም አብሮ ይጣመማል። ዓመቶቹን እንደ ጥያቄዎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው የዓሣ አጥማጆች መንደር የሚለው ነው። እንግሊዞች በ1819 የንግድ ጣቢያ ካቋቋሙባት ጊዜ ጀምሮ ሲንጋፖር የወደብ ከተማ ናት። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ከአውሮፓ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱ መርከቦች በደጇ ማለፍ ጀመሩ፤ የማላያ ጎማና ቆርቆሮም በእሷ በኩል ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። በ1965 ከማሌዥያ ስትለይ ባንክ፣ የመድን ድርጅት፣ የሚሠራ ፍርድ ቤትና የለመደ ሲቪል ሰርቪስ ነበራት። የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ወደ 500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከአብዛኞቹ የዘመኑ የእስያ አገሮች የተሻለ ነበር። ችግሯ ሌላ ነው። ሕዝቡ በመሀል ከተማ በጠባብ ክፍሎች ተፋፍጎ፣ በዳር ደግሞ በእንጨትና በሣር ጎጆዎች ይኖር ነበር፤ ሥራ አጡ ብዙ ነው፤ በ1964 በማላዮችና በቻይናውያን መካከል ደም የፈሰሰበት ግጭት ተነሥቷል፤ በ1968 ደግሞ የኢኮኖሚውን አንድ አምስተኛ ያህል የያዙት የእንግሊዝ የጦር ሰፈሮች ተዘግተው ጦሩ በ1971 እንዲወጣ ተወሰነ። እንግዲህ መነሻዋ ባዶ መሬት አልነበረም። «እንደኛው ነበሩ» ብለው ከጀመሩ፣ አንባቢዎ የጊዜ ሰሌዳውን ያለ አግባብ ያሳጥረዋል።

ሁለተኛው ሁሉን ለአንድ ሰው መስጠት ነው። ሊ ኩዋን ዩ ከ1959 እስከ 1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ሚናቸውን ማሳነስ አይቻልም። ነገር ግን ለከተማ ባለሙያ የሚጠቅመው የሌሎቹ ሥራ ነው። ጎህ ኬንግ ስዊ በገንዘብ ሚኒስትርነታቸው ጁሮንግ የተባለውን ረግረግ የኢንዱስትሪ መንደር ሲያደርጉ፣ ባለሀብት ባልመጣባቸው ዓመታት ቦታው «የጎህ ቂልነት» እየተባለ ይጠራ ነበር። ሊም ኪም ሳን የተባሉ ነጋዴ የቤቶች ልማት ቦርድን በመጀመሪያ ሊቀመንበርነት መርተዋል። አልበርት ዊንሴሚየስ የተባሉ ሆላንዳዊ ኢኮኖሚስት በ1960 ከተባበሩት መንግሥታት ቡድን ጋር መጥተው እስከ 1984 አማካሪ ሆነው ቆይተዋል። ከሰዎቹም ይልቅ ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ይታዩ፦ የቤቶች ልማት ቦርድ በ1960፣ የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ በ1961፣ የወደብ ባለሥልጣን በ1964፣ የጁሮንግ ከተማ ኮርፖሬሽንና የልማት ባንኩ በ1968፣ የገንዘብ ባለሥልጣኑ በ1971። በኩባንያ መልክ ከተቋቋመው ከልማት ባንኩ በቀር እያንዳንዱ በራሱ አዋጅ የቆመ፣ የራሱ ሂሳብ ያለው፣ ሠራተኛውን በራሱ ሕግ የሚቀጥርና አንድ ግልጽ ሥራ የተሰጠው ነው። ሚኒስትሩ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ቦርዱ ይሠራል፤ በዓመቱ መጨረሻ የተመረመረ ሂሳብ ያቀርባል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዚያው ስማቸው፣ ጥቂቶቹም ስማቸውን ለውጠው፣ እስከ ዛሬ እየሠሩ ነው።

ሦስተኛው «ሠርቶ አደለ» የሚለው ሲሆን ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው። የሲንጋፖር መንግሥት ቤት አላደለም፤ ሸጠ። የሸጠውም ገዢው ከደመወዙ በግዴታ እንዲቆጥብ ካደረገ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከቤቶች ልማት ቦርድ በፊት የነበረው የቅኝ ገዢዎቹ የቤት ድርጅት በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ የሠራው 23,000 ያህል ቤት ብቻ ነበር። አዲሱ ቦርድ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ ከ50,000 በላይ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ውበት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ለአስቸኳይ ጊዜ የተሠሩ ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤቶች ናቸው። በግንቦት 1961 ቡኪት ሆ ስዊ የተባለው የጎጆ ሰፈር በእሳት ወድሞ ወደ 16,000 ሰው ሜዳ ላይ ሲቀር፣ ቦርዱ ተጎጂዎቹን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ጣሪያ ሥር አስገባ። ሕዝቡ በቦርዱ ማመን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። በ1964 ቤቶቹን ለነዋሪዎች የመሸጥ ዕቅድ ወጣ፤ ገዢ ግን ጥቂት ነበር። ሰው ቤት ጠልቶ ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ ስላልነበረው ነው። በሩ የተከፈተው በ1968 ሠራተኞች በማዕከላዊ ፕሮቪደንት ፈንድ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለቤት መግዣ እንዲያውሉ ሲፈቀድላቸው ነው።

ይህ ፈንድ በ1955 በእንግሊዞች ዘመን የተቋቋመ የጡረታ ቁጠባ ነው። ሲጀምር ከሠራተኛው 5 በመቶ፣ ከአሠሪው 5 በመቶ ነበር። ኢኮኖሚው ባደገ ቁጥር ከፍ እያለ በ1984 ከሁለቱም ወገን 25 በመቶ፣ በድምሩ የደመወዙን ግማሽ ደረሰ። በ1985 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ያ ሁሉ መዋጮ አሠሪዎችን እንደከበዳቸው ታየና በ1986 የአሠሪው ድርሻ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ዛሬ እስከ 55 ዓመት ዕድሜ ላለ ሠራተኛ 20 በመቶ ከራሱ፣ 17 በመቶ ከአሠሪው ነው። ደመወዙ 3,000 የሲንጋፖር ዶላር የሆነ ሰው 600 ከእሱ ይቆረጣል፤ 510 አሠሪው ይጨምራል፤ በየወሩ 1,110 ዶላር በስሙ ይገባል። ወጣት ከሆነ ከግማሽ በላዩ የሚቀመጠው ለቤት ሊውል በሚችለው ሂሳብ ነው። ያ ሂሳብ ቢያንስ 2.5 በመቶ ወለድ ያስገኛል፤ ቦርዱ ለቤት ገዢ የሚያበድረው በ2.6 በመቶ ነው። ፈንዱ በበኩሉ የተጠራቀመውን በመንግሥት ሰነዶች ላይ ያኖራል። ሠራተኛው ይቆጥባል፤ መንግሥት ይበደራል፤ ቦርዱ ይሠራል፤ ሠራተኛው በቁጠባው ይገዛል፤ የወር ክፍያውም ከዚያው ሂሳብ ይከፈላል። አብዛኛው ገዢ የወር ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ከኪሱ አያወጣም።

መንገዱ ሁለት ተጨማሪ ምሰሶዎች አሉት፤ ሁለቱም ዋጋ የተከፈለባቸው ናቸው። አንዱ መሬት ነው። በ1966 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የፈለገውን መሬት እንዲወስድ ፈቀደ፤ በ1973 ደግሞ ካሳው በዚያ ዓመት ዋጋ እንዲታሰር ተደረገና ባለመሬቱ የገበያውን ዋጋ ማግኘት ቀረ። ካሳው ሙሉ በሙሉ ወደ ገበያ ዋጋ የተመለሰው በ2007 ነው። በአገሪቱ ካለው መሬት የመንግሥት ድርሻ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ80 በመቶ በላይ ነው። የሲንጋፖር ቤት የረከሰው በከፊል መሬታቸውን በርካሽ በተነጠቁ ቤተሰቦች ኪሳራ ነው፤ ይህን በጽሑፍዎ አይዝለሉት። ሁለተኛው ምሰሶ ድጎማ ነው። ቦርዱ አዲስ ቤት የሚሸጠው ከገበያ በታች ስለሆነ በየዓመቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ጉድለት ያስመዘግባል፤ ጉድለቱንም የገንዘብ ሚኒስቴር ከበጀት ይሸፍናል። ራሱን በራሱ የሚችል የርካሽ ቤት ፕሮግራም ሲንጋፖር ውስጥ የለም።

የተገዛውም ቤት የዘለዓለም ርስት አይደለም። የ99 ዓመት ሊዝ ነው፤ በአብዛኛው አምስት ዓመት ሳይኖሩበት መሸጥ አይቻልም። ከ1989 ጀምሮ በእያንዳንዱ ሕንፃና ሰፈር የቻይናውያን፣ የማላዮችና የሕንዶች ድርሻ በኮታ የተወሰነ ስለሆነ ሻጭ ለፈለገው ሰው ሁሉ አይሸጥም። ዛሬ ከነዋሪው ሦስት አራተኛ በላይ በቦርዱ ቤቶች ይኖራል፤ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል የሚኖርበት ቤት ባለቤት ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሸጡት ግን ሊዛቸው እያጠረ ሲሄድ ዋጋቸው እንዳይወርድ ያሰጋል። ቁጠባውን ሁሉ ቤት ውስጥ የቀበረ ሽማግሌ ቤት ኖሮት በእጁ ገንዘብ የማይኖርበት ሁኔታ የሲንጋፖር መንግሥት ራሱ የሚታገለው ችግር ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። እኛ አገር ስለ ሲንጋፖር ሲወራ ይህ ክፍል አይነሣም፤ ለእርስዎ ከተማ ግን ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከ1989 ጀምሮ ሕንፃዎቹን፣ አሳንሰሮቹን፣ ኮሪደሩንና ግቢውን የሚያስተዳድሩት የከተማ ምክር ቤቶች የተባሉ አካላት ናቸው። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ ክፍያ ሕጉ የሚወስነውን ድርሻ ምክር ቤቱ ለትልልቅ ጥገናዎች በተለየ የመጠባበቂያ ሂሳብ ማስቀመጥ አለበት፤ ለጥበቃና ለጽዳት ደመወዝ ሊያውለው አይችልም። አሳንሰር ሲያረጅ፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ የቀለም ጊዜ ሲደርስ ገንዘቡ አስቀድሞ ተቀምጧል። ክፍያ ያጠራቀመ ነዋሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካልሰማ በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ቶአ ፓዮ በተባለው የቦርዱ ሰፈር ያሉት የ1960ዎቹ ሕንፃዎች ዛሬም ሰው የሚመርጣቸው የተሠሩበት ሲሚንቶ ልዩ ስለሆነ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሠራተኛው የወር ደመወዝተኛ ሲሆን ነው። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ የለም። ስለዚህ የቤቱ ፕሮግራም ከሥራው ፕሮግራም ተነጥሎ አይታይም። የኢኮኖሚ ልማት ቦርዱ በ100 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተነሥቶ የውጭ ፋብሪካዎችን አሳደደ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስና ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያሉት መጡ፤ በ1968 የወጡት የሠራተኛ ሕጎች የማኅበራትን የመደራደር ሥልጣን አጥብበው ለአሠሪው አመቻቹ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አጥነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ያኔ ነው የፕሮቪደንት ፈንዱ በእርግጥ የሞላው። ዛሬ ኢኮኖሚው በኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ ሰባት ትንንሽ ደሴቶች ተገጣጥመው በተሠሩት በጁሮንግ ደሴት የነዳጅ ማጣሪያዎችና ኬሚካሎች፣ በፋይናንስና በወደቡ ላይ ቆሟል። ወደቡ በ2024 ከ41 ሚሊዮን በላይ መደበኛ ኮንቴይነር አስተናግዷል። በእኛ ከተሞች ግን ብዙው ሰው የሚኖረው በጉልት፣ በቀን ሥራና በትንንሽ ንግድ ነው፤ ከደመወዝ መዝገብ የሚቆረጥ መዋጮ እሱ ዘንድ አይደርስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ በዚህ አጋጣሚ፦ «የጡረታ ገንዘባችንን እንደ እነሱ ለቤት እናውል» የሚል ሐሳብ በጽሑፍዎ እንዳያስገቡ። በእኛ የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ በአንድ ቋት ገብቶ አበሉ በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ይሰላል። የሲንጋፖሩ በየሰው ስም የተከፈተ ሂሳብ ነው፤ ሰውየው ቢያወጣው የሚጎድለው የራሱ ነው። ከጋራ ቋት ለቤት ማውጣት ማለት ግን የዛሬ ጡረተኞችን እንጀራ መንካት ነው። ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ እንጂ በአሠራር አይገናኙም።

ስለ መንግሥት ሀብት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ግብር ዝቅተኛ ነው፤ እንዴት ቻሉ?» ይባላል። የኩባንያ ግብር 17 በመቶ ነው፤ በዕቃና አገልግሎት ላይ የሚጣለው ግብር በ1994 በ3 በመቶ ተጀምሮ በ2024 9 በመቶ ደርሷል። የቀረውን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ተጠራቅሞ የተቀመጠው ሀብት ነው። ቴማሴክ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ በ1974፣ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ኮርፖሬሽኑ በ1981 ተቋቁመው ያን ሀብት ያስተዳድራሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ከሚጠበቀው የረጅም ጊዜ ትርፍ እስከ ግማሽ ያህሉ ብቻ ወደ ዓመቱ በጀት እንዲገባ ይፈቅዳል። ይህ ድርሻ ዛሬ ከመንግሥት ገቢ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ለከተማ ሰው ትልቁ ቁምነገር ግን ይህ ነው፦ መንግሥት መሬት ሲሸጥ ገንዘቡ የዓመቱ በጀት ውስጥ አይገባም። ወደ ተቆለፈው ሀብት ይገባል፤ ለመንካትም በሕዝብ የሚመረጠው ፕሬዚዳንት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ1991 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ በይፋ ከተነካባቸው ጊዜያት ዋናዎቹ የ2009 የዓለም የገንዘብ ቀውስና የኮሮና ወረርሽኝ ናቸው። መሬት አንዴ ነው የሚሸጠው፤ ገንዘቡን በአንድ ዓመት ደመወዝና ነዳጅ የሚጨርስ ከተማ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መሬት ፍለጋ ይወጣል። የእርስዎ ከተማ የሊዝ ገቢ በየትኛው የሂሳብ መደብ ገብቶ ለምን እንደሚወጣ መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

ውሃውና ባቡሩ ያንኑ ትምህርት ይደግማሉ፤ አሳጥሬ ልለፍባቸው። በ1962 ስምምነት መሠረት ሲንጋፖር ከማሌዥያዋ ጆሆር በቀን እስከ 250 ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ትስባለች፤ ውሉ በ2061 ያልቃል። ያ ቀን እንደሚመጣ አውቃ ከወዲሁ የአገሪቱን ሁለት ሦስተኛ የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያ አደረገች፤ ከ2003 ጀምሮ የቆሸሸውን ውሃ አጣርታ መልሳ ትጠቀማለች፤ ከ2005 ጀምሮ የባሕር ውሃ ታጣራለች። ከማጣሪያዎቹ እኩል የሠራው ዋጋው ነው፤ ከ1991 ጀምሮ በውሃ ላይ የቁጠባ ግብር አለ፣ በ2017 እና በ2018 ዋጋው በ30 በመቶ ተጨምሯል። የባቡሩ ነገር ደግሞ ሲንጋፖርም እንደምትሳሳት ያሳያል። በ1987 የተከፈተው የከተማ ባቡር ለሃያ ዓመታት ያህል ሲደነቅ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 በቀናት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከባድ ብልሽት ደረሰበት። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ የጥገና ጉድለትን በግልጽ አነሣ። መንግሥት በ2016 ሐዲዱንና ባቡሮቹን ከአንቀሳቃሹ ኩባንያ ገዝቶ ራሱ እንዲያድስ ሆነ። እንዲያም ሆኖ በመስከረም 2024 አንዱ መስመር በከፊል ለስድስት ቀናት ቆመ። ባቡር ገዝቶ የመለዋወጫ በጀት አለመያዝ ምን እንደሚያስከትል እኛም እናውቃለን። በዚያ ላይ ባቡሩ ብቻውን መንገዱን አላስለቀቀም። ወደ መሀል ከተማ በመኪና መግባት ከ1975 ጀምሮ ያስከፍላል፤ ከ1990 ጀምሮ ደግሞ መኪና ለመያዝ በጨረታ የሚገኝ የ10 ዓመት ፈቃድ መግዛት ግድ ነው፤ ፈቃዱ ብቻ ከ100,000 የሲንጋፖር ዶላር ያለፈበት ጊዜ አለ።

የማይቀዳውንም በግልጽ ይጻፉት። ሲንጋፖር ከተማም አገርም ናት። ከሥሯ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ የለም። ቤቱንና ጡረታውን፣ መሬቱንና ግብሩን፣ ጠረፉንም የሚወስነው አንድ መንግሥት ነው። ገጠር ስለሌላት ከገጠር የሚመጣባት ሰው የለም፤ ማን እንደሚገባ ቪዛ ይወስናል። በ2024 ከ6 ሚሊዮን ያህል ሕዝቧ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ነዋሪነት የሌለው የውጭ ሰው ነው። ሕንፃዎቹን የሚሠሩት በአብዛኛው ከባንግላዴሽና ከሕንድ የመጡ፣ ውል ሲያልቅ የሚመለሱ፣ የቦርዱን ቤት የመግዛት መብት የሌላቸው ሠራተኞች ናቸው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመኝታ ሰፈሮቻቸው ሲስፋፋ አኗኗራቸው ለዓለም ታየ። የኢትዮጵያ ከተማ ግን ከገጠር የመጣውን ዜጋ በፈቃድ ሊመልስ አይችልም፤ መመለስም የለበትም።

ፖለቲካዊ ዋጋውም አይሸፈን። ገዢው ፓርቲ ከ1959 ጀምሮ ከሥልጣን ወርዶ አያውቅም። በግንቦት 2025 ምርጫ ከ65 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ97 መቀመጫ 87ቱን ወሰደ፤ የምርጫ ሥርዓቱ ትልቁን ፓርቲ ይጠቅማል። ምርጫው በየጊዜው ይካሄዳል፤ ድምፁ ይቆጠራል፤ ተቃዋሚም ይመረጣል። በሌላ በኩል ያለ ፍርድ የሚያስር የጸጥታ ሕግ አለ፤ ቺያ ታይ ፖህ የተባሉ የተቃዋሚ የምክር ቤት አባል በ1966 ታስረው ያለ ክስ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ጋዜጦች በፈቃድ የታሰሩ ናቸው። «እድገቱ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። እኔ አልስማማም፤ ሰው በማሰር ብቻ የሚያድግ ቢሆን በዓለም ላይ ብዙ ሲንጋፖሮች በኖሩ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ገዢዎቹ ራሳቸውም ከሕግ በላይ እንዳይሆኑ መደረጉ ነው። በ1952 የተቋቋመው የሙስና ምርመራ ቢሮ በ1960 በወጣው ሕግ ጥርስ አገኘ። በ1986 የቤትና የመሬት ጉዳይ የሚመሩት ሚኒስትር ቴ ቼአንግ ዋን በጉቦ ተጠርጥረው እየተመረመሩ ሳለ ራሳቸውን አጠፉ። በ2024 የቀድሞው የትራንስፖርት ሚኒስትር ኢስዋራን የ12 ወር እስራት ተፈረደባቸው። መሬትና ቤት የሚያድል አካል ይህን የመሰለ ነጻ ተቆጣጣሪ ከሌለው፣ የማስለቀቅ ሥልጣኑን ማጠናከር ለጉቦ መንገድ መጥረግ ነው። በጽሑፍዎ የማስለቀቂያ ሕጉን አንሥተው የሙስና ሕጉን ከተዉት ግማሹን ብቻ አስተማሩ ማለት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ይጎዳል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ስለ ሲንጋፖር ሁሉንም የሚዳስስ ጽሑፍ አይጻፉ። አንድ ሕንፃ ይውሰዱ፤ የገንዘቡን መንገድ ከመሬቱ እስከ አሳንሰሩ ጥገና ይከተሉ፦ መሬቱ በስንት ገባ፣ ግንባታውን ማን ከፈለ፣ ድጎማው ከየት መጣ፣ ገዢው በየወሩ ምን ያህል ከየትኛው ሂሳብ ይከፍላል፣ የጥገናው መጠባበቂያ ስንት ነው፣ የሚቆጣጠረውስ ማን ነው። ከጎኑ በከተማዎ ያለን አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ አስቀምጠው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ። በ20/80 የተሠራ ቢሆን፣ 20 በመቶውን ቆጣቢው፣ 80 በመቶውን ባንኩ እንደሸፈኑ በቀላሉ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ግን፣ በተለይ የጥገናው፣ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ባዶዎቹ ናቸው የጥናትዎ ውጤት።

ከተማዎ ከክልሉም ሆነ ከፌዴራሉ ሳይጠብቅ አሁን ሊጀምር የሚችለው ደግሞ የጥገና መጠባበቂያውን ነው። ከአዋጅ ቁጥር 370/1995 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያን 2003) ጀምሮ የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በሕጋችን አለ፤ የሚጎድለው ሊነካ የማይችል ሂሳብ ነው። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ለእያንዳንዱ ብሎክ የተለየ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ ከወር መዋጮው የተወሰነ ድርሻ በቀጥታ ይግባበት፤ ለማውጣት የማኅበሩና የከተማው ፊርማ አንድ ላይ ይጠየቅ፤ ሂሳቡ በየዓመቱ ይመርመርና በብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ። መዋጮው ነዋሪው ሊከፍለው የሚችል መሆን አለበት። ከአቅም በላይ ከተጣለ ሰዉ ቤቱን አከራይቶ ይወጣል፤ ተከራዩም አይከፍልም። በሁለተኛ ደረጃ ከሊዝ ገቢ ጥቂት በመቶ እንኳ ቢሆን ለአሮጌ መሠረተ ልማት እድሳት ብቻ እንዲቆለፍ ምክር ቤቱን ይጠይቁ። ነባር ሰፈር ማንሣት በዕቅዱ ካለ፣ መጀመሪያ ቤቱ ተሠርቶ ይለቅ፤ ማፍረስ ከዚያ ይከተል። የሲንጋፖር ቦርድ በማስለቀቅ ሥራው ሊገፋበት የቻለው ተነሺው የሚገባበትን ቤት በዓይኑ እያየ ስለሚነሣ ነው።

ጉዞውን በተመለከተ፣ የልዑካኑ ዝርዝር ገና ካልተዘጋ ከአመራሮቹ ጋር አንድ የሂሳብ ባለሙያና በኮንዶሚኒየም ማኅበር የሠራ አንድ ሰው እንዲጨመሩ ይሟገቱ። የጉብኝት ጥያቄ ሲልኩም ማሪና ቤይ የተባለውን ጎብኚ የሚጎርፍበት ሰፈር ሳይሆን የአንድ የከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤትን ይጠይቁ፤ የተመረመረ የዓመት ሂሳቡን አስቀድመው አንብበው ይሂዱ።